ከፋብሪካ በር ማዶ፦ የመርሴዲስ ጂ-ክላስ ዳግም ሥራ በጀርመን አሻሻይ ድርጅቶች

በ1979 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ መመረት የጀመረው የመርሴዲስ ጂ መኪና፣ ከመጀመሪያዎቹ ሞዴሎቹ አንዱ የሆነው ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ የነበረው ጉልበት 72 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። የታሰበው ለጦር ሠራዊት፣ ለደን ሥራና አስፋልት ለማይደርስበት አገር ነው። በ2021 ደግሞ መቀመጫውን በጀርመኗ ቦትሮፕ ከተማ ያደረገው ብራቡስ የተባለ ድርጅት የዚህኑ መኪና ተከታይ ትውልድ 900 የፈረስ ጉልበት አድርጎ ለገበያ አቀረበ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥራ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። የመኪናው ጠቅላላ አቋም ግን ብዙም አልተነካም፤ ቀጥ ብሎ የቆመው የፊት መስታወት፣ ከውጭ የሚታየው የበር ማጠፊያ፣ ከኋላ በር ላይ የተሰቀለው ትርፍ ጎማና ከሥር ያለው መሰላል መሰል ሻንሲ ዛሬም እንዳሉ ናቸው።

ለዝግታና ለጭቃ የተነደፈ አካል ለፍጥነትና ለታይታ ሲውል ምን ይሆናል? ጥያቄው የፋሽን ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ በሕዝብ መንገድ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ ሲደረግ፣ ከፋብሪካው በኋላ ማን ምን እንደቀየረና ለለውጡ ማን ኃላፊ እንደሆነ ማወቅ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አሻሻዩ ፋብሪካ ሲሆን

ከፋብሪካ የወጣን መኪና ገዝቶ፣ ፈትቶና አሻሽሎ በራስ ስም መሸጥ በጀርመን የቆየ ሙያ ነው። በዘርፉ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ኤኤምጂ ሲሆን፣ በ1967 በሃንስ ቬርነር አውፍሬክት እና በኤርሃርድ ሜልኸር ተመሠረተ። ስሙ የሁለቱ መሥራቾች የአባት ስምና የአውፍሬክት የትውልድ ስፍራ የሆነው ግሮስአስፓኽ የመጀመሪያ ፊደላት ድምር ነው። በ1971 ከባዱን የመርሴዲስ 300 ኤስኢኤል የቅንጦት መኪና ወደ ውድድር መኪናነት ቀይረው በቤልጂየሙ የስፓ የ24 ሰዓት ውድድር ሁለተኛ ሲወጡ ድርጅቱ ታወቀ። ከመርሴዲስ ጋር በ1990 የትብብር ስምምነት ተፈራረመ፤ በ1999 አብላጫው ድርሻ፣ በ2005 ደግሞ ሙሉው ድርጅት በአምራቹ እጅ ገባ። መቀመጫውን በቡኽሎ ያደረገው አልፒናም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። የቢኤምደብሊው መኪናዎችን በማሻሻል ጀምሮ በ1983 በጀርመን መንግሥት ራሱን የቻለ አምራች ተብሎ ተመዘገበ፤ በ2022 የስሙን መብት ቢኤምደብሊው ራሱ እንደሚወስደው ተገለጸ።

ይህ ታሪክ ለጂ-ክላስ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ትናንት በግል ጋራዥ ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ በፋብሪካው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ኤኤምጂ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ከውጭ የቀረው አሻሻይ ሥራውን የሚጀምረው ከ72 ወይም ከ150 የፈረስ ጉልበት ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ካደረሰው ከ585 ነው። ስለዚህ ከአምራቹ ለመለየት ያለው አማራጭ ይበልጥ መራቅ ብቻ ነው፤ የዛሬው የገበያ ጽንፈኝነት በከፊል የሚመነጨው ከዚህ እንጂ ከደንበኞች ጠባይ ብቻ አይደለም።

ብራቡስ የተመሠረተው በ1977 ነው። ስሙ ከሁለቱ መሥራቾች፣ ከብራክማን እና ከቡሽማን፣ የመጀመሪያ ሦስት ሦስት ፊደላት የተገጠመ ሲሆን፣ ድርጅቱን እስከ 2018 ዕለተ ሞቱ የመራው ቦዶ ቡሽማን የመርሴዲስ መኪና ይሸጡ ከነበሩ ወላጆች የተወለደ ነው። ሌላው በዚህ ዘርፍ የሚጠቀስ ስም በ1989 በኩሮሽ ማንሶሪ የተቋቋመውና ባቫሪያ የሚገኘው ማንሶሪ ነው። በደፈናው ለመናገር፣ ብራቡስ ስሙን የተከለው በሞተር፣ ማንሶሪ ደግሞ በገጽታ ነው።

ተጨማሪው ጉልበት ከየት ይመጣል?

በ2018 የወጣው ጂ 63 ባለ 4 ሊትር፣ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች ያሉት የቤንዚን ሞተር ይዟል። ሁለት ተርቦዎቹ ከሞተሩ ጎንና ጎን ሳይሆን በቪው መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ይህም የጭሱን መንገድ ስለሚያሳጥር ተርቦው ፈጥኖ እንዲነቃ ያደርጋል። ውጤቱ 585 የፈረስ ጉልበትና 850 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነው። መኪናው 2,560 ኪሎ ግራም እየመዘነ ከዜሮ ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 4.5 ሰከንድ ይበቃዋል።

የማንኛውም የቤንዚን ሞተር ጉልበት በመጨረሻ የሚወሰነው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊውጠው በሚችለው አየር መጠን ነው። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ አብሮት የሚነደውን አየር ማግኘት ግን ከባድ ነው። ተርቦ በሚወጣው ጭስ ግፊት በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። የታመቀ አየር ግን ይሞቃል። አየሩ እጅግ ከሞቀ ነዳጁ ከብልጭታው የሚነሣውን ነበልባል ሳይጠብቅ በራሱ ይነዳል፤ ይህ ማንኳኳት የሚባለው ሁኔታ ሲደጋገም ፒስተንን ይበሳል። ስለዚህ የአሻሻዩ ሥራ በሙሉ በሁለት ግድግዳ መካከል የሚደረግ ጉዞ ነው፦ በአንድ በኩል ተጨማሪ ግፊት፣ በሌላ በኩል ሙቀት።

የመጀመሪያውና ርካሹ እርምጃ ምንም ብረት አይነካም። በሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ፣ ብልጭታው መቼ እንደሚነሣ፣ የተርቦው ግፊት እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድ የሚወስኑ ሰንጠረዦች አሉ። አሻሻዩ እነዚህን ይጽፋል፤ ወይም በሞተሩ ጠቋሚዎችና በኮምፒዩተሩ መካከል ተጨማሪ ሳጥን ይሰካል። ሳጥኑ ግፊቱ ከእውነተኛው ያነሰ መሆኑን ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒዩተሩም የጎደለ መስሎት ግፊት ይጨምራል። ጥበቡ በግልጽ ቋንቋ ማታለል ነው። የሚሠራውም ፋብሪካው ሆን ብሎ መጠባበቂያ ስለሚተው ነው፤ ያው ሞተር በስዊድን ክረምትም በኩዌት በጋም፣ በጥሩም በመናኛም ቤንዚን፣ ዘይት መቀየር በሚረሳ ባለቤት እጅም መኖር አለበት። በተጨማሪም አምራቹ ያንኑ የሞተር ቤተሰብ በተለያየ ጉልበት ለተለያዩ ሞዴሎች ይሸጣል፤ በሲ 63 ላይ 476፣ በባለ አራት በሩ ጂቲ 63 ኤስ ላይ ደግሞ 639 የፈረስ ጉልበት ሆኖ ወጥቷል። ስለዚህ ከፊሉ «ማሻሻያ» አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን አምራቹ በገበያ ስሌት ያሰረውን መፍታት ነው።

መጠባበቂያውን መብላት ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋው ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የፋብሪካው ተርቦ ይህን ጉድለት ፈጥኖ በመሽከርከር ያካክሳል፤ ለዚህ የተተወ ትርፍ አለውና። በጀርመን ዝቅተኛ ሜዳ ላይ እስከ ጫፉ የተገፋ ሞተር ግን ወደ ደጋ ሲወጣ የሚያካክስበት ትርፍ አይኖረውም፤ ወይ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ወይ ተርቦውን ካልተፈቀደለት ፍጥነት በላይ ያሽከረክራል። በማስታወቂያ ላይ የተጻፈ የፈረስ ጉልበት የትም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም።

ከሶፍትዌር ቀጥሎ ያለው ደረጃ ተርቦዎቹን ትልቅ አየር መጭመቂያ ባላቸው መተካት ነው። ብራቡስ 800 በተባለው ሞዴሉ በዚህ መንገድ 800 የፈረስ ጉልበትና 1,000 ኒውተን ሜትር ያገኛል፤ 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚወስደው ጊዜም ወደ 4.1 ሰከንድ ይወርዳል። ሦስተኛው ደረጃ ሞተሩን መክፈት ነው። ሮኬት በተባለው ባለ 900 የፈረስ ጉልበት ሥራ የሞተሩ መጠን ከ4 ወደ 4.5 ሊትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ለዚህ ሲባል ክራንክ ሻፍቱ፣ ፒስተኖቹና ቢዬላዎቹ ተለውጠዋል። ሞተሩ 1,250 ኒውተን ሜትር ማመንጨት ይችላል፤ ነገር ግን በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር በ1,050 እንዲገታ ተደርጓል። ቀደም ሲል በ2017 በባለ 12 ሲሊንደሩ ጂ 65 ላይ በተሠራው ተመሳሳይ ሥራም 1,500 የነበረው በ1,200 ታስሮ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በብዙ ወጪና ድካም የተገኘ ኃይል ወዲያው የሚታሰረው ካምቢዮውና ከእርሱ በኋላ ያሉት ዘንጎች ስለማይችሉት ነው። ሞተሩ ብቻውን መኪና አይደለም። ከ585 ወደ 900 ለመድረስ የተጨመረው 315 የፈረስ ጉልበት የፍጥነት ማንሻውን ጊዜ ከ4.5 ወደ 3.7 ሰከንድ አወረደው፤ ይህም ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ትርፍ ነው። ምክንያቱ ከዚያ ወዲያ የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ጎማው መሬቱን ለመያዝ ያለው አቅምና ክብደቱ መሆኑ ነው።

የላይኛው ፍጥነትም የራሱ ስሌት አለው። የፋብሪካው ጂ 63 በሰዓት 220፣ በአማራጭ ጥቅል 240 ኪሎ ሜትር ላይ በኤሌክትሮኒክ ይገታል፤ ሮኬቱ ግን 280 ይደርሳል። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ፣ ከ220 ወደ 280 ለመውጣት አየሩ ብቻውን ሁለት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። የጂ-ክላስ አካል ደግሞ ከሳጥን ብዙም አይለይም። ማዕዘኑን ሳያለሰልስ ነፋሱን በጉልበት ማሸነፍ የመረጠ ሰው ለቅርጹ የሚከፍለው ግብር ይኸው ነው።

ጎማ፣ ፍሬንና ክብደት

ስለ ጉልበት ብዙ ይወራል፤ ስለ ማቆም ጥቂት። አንድ 2,560 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል አንድ ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። በ240 ይህ ወደ 5.7 ሚሊዮን፣ በ280 ወደ 7.7 ሚሊዮን ጁል ያድጋል፤ ተሳፋሪና ዕቃ ሳይቆጠር። ፍሬን የሚሠራው ይህን ሁሉ ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ስለዚህ ከፍተኛውን የፍጥነት ገደብ ያነሣ ሥራ ስለ ፍሬኑ ዲስክ ስፋትና ስለ አየር ማቀዝቀዣው ምንም ካላለ፣ ግማሹን ሥራ ትቷል ማለት ነው። በርካታ ርካሽ የሶፍትዌር ማሻሻያዎች የሚያደርጉት ግን በትክክል ይህንኑ ነው።

ጎማም እንዲሁ። የፋብሪካው ጂ 63 በ20 ኢንች ቸርኬ ላይ 275/50 ቁጥር ያለው ጎማ ሊያደርግ ይችላል፤ በአሻሻዮች ዘንድ የተለመደው ደግሞ 23 ኢንች ቸርኬ ከ305/35 ጎማ ጋር ነው። ቁጥሮቹን ማስላት አስተማሪ ነው። የመጀመሪያው ጎማ የግድግዳ ከፍታ 137 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 107 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ሳይለወጥ ለማለት ይቻላል፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ላስቲክ በብረት ተተክቷል። በመዞሪያ ላይ ዝቅተኛ ግድግዳ ስለማይተጣጠፍ መሪው ይበልጥ ታማኝ ይሆናል። ጉድጓድ ሲያጋጥም ግን ድንጋጤውን ይውጥ የነበረው ላስቲክ ስለሌለ ምቱ በቀጥታ ወደ ቸርኬው፣ ከዚያም ወደ ሞላውና ወደ መሪው ዘንጎች ይሄዳል። ከሞላው በታች ያለ ክብደት በጨመረ ቁጥርም ጎማው የመንገዱን ወጣ ገባ ለመከተል ይዘገያል።

ከሁሉም በላይ የሚገርመው የጂ-ክላስ የተፈጥሮ ችሎታ ላይ የሚደርሰው ነው። በ2018 አዲስ ተነድፎ እንኳ መኪናው መሰላል ሻንሲውን፣ ከኋላ አንድ ወጥ አክስሉንና ሦስቱን የዲፈረንሻል መቆለፊያዎች አልተወም፤ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥም ያልፋል። በአሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው የጎማውን አየር ቀንሶ ላስቲኩ እንዲዘረጋ ያደርጋል፤ ቀጭን ግድግዳ ያለው ጎማ ግን አየሩ ሲቀነስ ከቸርኬው ይወልቃል ወይም ቸርኬው ድንጋይ ይነካል። ከፓራውልቱ በታች የተለጠፈው የካርቦን ከንፈር በመጀመሪያው ቋጥኝ ላይ ይቀራል። ለተራራ የተሠራው መኪና ከተራራ ተገልሎ በሆቴል ደጃፍ ይቆማል።

ሁሉም አሻሻይ ግን በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። መርሴዲስ ራሱ በ2015 ባወጣው ባለ «4 በ4 ስኩዌር» ሞዴል ላይ ፖርታል አክስል የተባለውን ዘዴ ተጠቅሟል። በዚህ ዘዴ አክስሉ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ይቀመጥና በጎማው አጠገብ ባሉ ጥርሶች አማካይነት ያሽከረክራል፤ በመሆኑም የመኪናው ሆድ ከመሬት እጅግ ይርቃል። ብራቡስም በዚሁ ዘዴ ከጂ 63 ተነሥቶ ረጅም የጭነት ወለል ያለው ፒክ አፕ ሠርቷል። በቴክኒክ ሚዛን ይህኛው ከሮኬቱ ይልቅ የመኪናውን ጠባይ የተረዳ ሥራ ነው፤ ምንም እንኳ ስሙ ያን ያህል ባይገን።

መልክ

የጂ-ክላስ ቅርጽ ከአርባ ዓመት በላይ ባለመለወጡ ለባለቤቱ አንድ ችግር ይፈጥራል፦ ውድ አዲስ መኪና ከአሥር ዓመቱ በሩቁ አይለይም። የሰፉ ፓራፋንጎዎች፣ በኮፈኑ ላይ የተከፈቱ የአየር ቀዳዳዎች፣ በጣሪያው ጫፍ የተደረደሩ መብራቶችና በጎን የሚወጡ የጭስ ማውጫዎች የሚመልሱት ለዚህ ነው። ማንሶሪ በሚታይ የካርቦን ጨርቅ ሙሉ አካሉን እስከ መሸፈን ይደርሳል። ካርቦን ቀላል ነው የሚለው ክርክር እውነት ቢሆንም እዚህ ቦታ የለውም፤ ከኮፈን ላይ የሚቀነስ ጥቂት ኪሎ በሁለት ቶን ተኩል ውስጥ አይታወቅም፤ በትልቁ ቸርኬና በተጨመረው ቆዳም ይመለሳል። ካርቦኑ የሚገዛው ለመልኩ ነው፤ ይህም በራሱ ነውር የለበትም።

ነውሩ ያለው በአስመሳይ ዕቃ ላይ ነው። የታወቁ አሻሻዮችን ቅርጽ የቀዱ የፋይበር ግላስ ክፍሎችና በተቀጠቀጠ ብረት ፋንታ በቅልጥ የተሠሩ ቸርኬዎች በርካሽ ይሸጣሉ። ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ለሚሸከም ጎማ የጭነት አቅሙ ያልተፈተነ ቸርኬ መግጠም ከጌጥ ጉዳይ ያልፋል። የእግረኛም ነገር አለ፦ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ከፊት የሚገጠሙ የብረት መከላከያዎች የእግረኛን ጉዳት እንዳያባብሱ ፈተና እንዲያልፉ የሚያስገድድ መመሪያ ያወጣው፣ በእነዚህ መኪናዎች ፊት ላይ ያለ ማንኛውም ጠንካራ ጌጥ የሚያርፍበት ሰውነት ስላለ ነው።

ፈቃድ

የጀርመን የተሽከርካሪዎች ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 በሦስት ሁኔታዎች የአንድ መኪና የመንቀሳቀስ ፈቃድ ይጠፋል ይላል፤ ለውጡ የተሽከርካሪውን ዓይነት ከቀየረ፣ በመንገድ ተጠቃሚዎች ላይ አደጋ ሊያስከትል ከቻለ፣ ወይም ጭሱን ወይም ድምፁን ካባባሰ። ፈቃዱ እንዳይጠፋ ዕቃው አስቀድሞ የጸደቀ መሆን ወይም የተገጠመው በምርመራ ድርጅት ባለሙያ ታይቶ በሰነድ መመዝገብ አለበት። በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን መንቀልም ሆነ ማሰናከል ይከለክላል፤ ካሊፎርኒያም ለእያንዳንዱ የሞተር ማሻሻያ ዕቃ የራሱን የነጻ መሆኛ ቁጥር ትጠይቃለች። ትልልቆቹ አሻሻዮች ከጓሮ ጋራዥ የሚለዩት በጉልበት ብዛት ሳይሆን በእነዚህ ወረቀቶች ነው ማለት ይቻላል። መኪናው ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ግን ወረቀቱ ሁልጊዜ አብሮ አይሻገርም፤ ሁለተኛው ገዢ የሚያየው መልኩን እንጂ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተለወጠውን ሰንጠረዥ አይደለም።

ያ ሰንጠረዥ ራሱ አሁን እየተቆለፈ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 155 አምራቾች መኪናቸውን ከውጭ ከሚመጣ የኮምፒዩተር ጣልቃ ገብነት እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ ለሚሸጥ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ደንቡ የወጣው ሰርጎ ገቦችን ለመከላከል ነው፤ መቆለፊያው ግን ሰርጎ ገብንና አሻሻይን አይለይም። በዚያው ዓመት የወጣው ኤሌክትሪኩ ጂ 580 በእያንዳንዱ ጎማ አንድ አንድ ሞተር፣ በድምሩ 587 የፈረስ ጉልበትና 1,164 ኒውተን ሜትር አለው፤ ከሦስት ቶን በላይ ይመዝናል፤ ፍጥነቱም በ180 ተገድቧል። የሚተካ ተርቦ፣ የሚከፈት ሲሊንደር ወይም የሚሰፋ የጭስ ማውጫ የለውም። ጉልበቱን የሚወስነው የባትሪው ሙቀትና የአምራቹ የተቆለፈ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ያለ አምራቹ ፈቃድ ለሌላ እጅ ክፍት ሆነው የሚቀሩት ቸርኬው፣ ቆዳውና ካርቦኑ ናቸው።